ከግድግዳ እስከ ግድግዳ

ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.
ልደታ፣ አዲስ አበባ

ለአቶ ገብረጊዮርጊስ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ሰላምታዎን አልተቀበልኩትም፤ እኔም አልልክልዎትም። ባሌን የገደለ ሰው «ለጤናዎ እንደምን ነዎት» ሲለኝ ምን ተብሎ እንደሚመለስ ያስተማረኝ የለም።

ወረቀቱን ባለቤትዎ ወይዘሮ ፀዳለ ለትምህርት ቤታችን ዘበኛ ሰጥተው ነው የሄዱት። ሁለት ቀን ቦርሳዬ ውስጥ ከረመ። በሦስተኛው ቀን ልቀደው አወጣሁትና አንዲት ጥያቄዎን አይቼ እጄ ቆመ። «ለመሆኑ ያን ዕለት የምትለኩት ምን ነበር?» ይላሉ።

አንድ ዓመት ሙሉ ፖሊስ ጠይቆኛል፣ ዐቃቤ ሕግ ጠይቆኛል፣ ዳኛው ጠይቀውኛል። ስንት ሰው እንደነበረ፣ ድንጋዩ ከየት እንደመጣ፣ ቱቦላሬ ብረቱ ስንት ጊዜ እንደተነሳ። ምን ትለኩ ነበር ያለኝ አንድም ሰው የለም። የጠየቁኝ እርስዎ ብቻ ነዎት፤ ያውም ሃያ ዓመት ከተፈረደብዎት በኋላ። ያን ዕለት ከመምታትዎ በፊት ቢጠይቁ ምን ነበረበት?

እነግርዎታለሁ። ማንኛውም ክብ ዙሪያው ለመሃሉ ስፋት ሲካፈል የሚመጣው ቁጥር አንድ ነው፤ ሦስት ነጥብ አንድ አራት። የመኪና ጎማም ይሁን የሜክሲኮ አደባባይ ለውጥ የለውም። ፓይ ይባላል። በውጭ አገር የሒሳብ ሰዎች በሦስተኛው ወር፣ በአሥራ አራተኛው ቀን በዓሉን ያከብራሉ። ባሌ ረሻድ የጂኦግራፊ መምህር ነበር፣ እኔ የሒሳብ። «ሦስተኛ ወራችን ኅዳር ሆኖ ሳለ ማርች ለእኛ ምናችን ነው?» አለና ትምህርት ቤታችን ኅዳር 14 እንዲያከብር አደረገ። እሱ ካርታ ያመጣል፣ እኔ ቁጥሩን። ተማሪዎች ካርታው ላይ ክብ ይፈልጋሉ፤ ያገኙትን ሄደን በሜትር እንለካለን። በመጀመሪያው ዓመት ሜክሲኮን ለካን፤ ትራፊክ ፖሊሱ ሳይቀር መኪና እያስቆመ ሜትር ያዘልን። በሁለተኛው የአንድ ፋብሪካ የውሃ ጋን ለካን።

በሦስተኛው ዓመት ረሻድ ከአብነት ወረድ ብሎ ያለውን የእናንተን ግቢ አገኘ። ሰንጋ ተራ ገና ሰንጋ ይሸጥበት በነበረ ጊዜ የተሠራ አሮጌ ካርታ ላይ ክብ የከብት በረት ተስሏል። በስልኩ የሳተላይት ፎቶ ሲያይ በረቱ የለም፤ ግን ቤቶቻችሁ በድሮው የድንጋይ አጥር ላይ ዙሪያውን ስለተሠሩ ክቡ እንዳለ ነው። በእርሳስ ከበበው። ሳምንቱን ሙሉ ላገኘው ሰው ሁሉ ሲያሳይ ነው የሰነበተው።

ከጁምዓ ሶላት መልስ መጣን። እኔ፣ እሱና ስድስት ተማሪዎች። የያዝነው ሜትርና ገመድ ነው፤ ሌላ ምንም አልያዝንም። እርስዎ የመጀመሪያውን ምት መቱት፣ ሰፈሩ የቀረውን ጨረሰ። ሪሀና የምትባል ተማሪዬ መንጋጋዋ ተሰብሮ እስከ ዛሬ በአንድ ጎን ነው የምታኝከው።

መልስዎን አግኝተዋል። ሁለተኛ እንዳይጽፉልኝ።

ሀያት

&nbsp;

ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከማረሚያ ቤት

ለመምህርት ሀያት፣

አትጻፍ ብትዪም ጻፍኩ። በፊተኛው ደብዳቤ «እርስዎ» ያልኩሽ፣ የጻፈልኝ እስረኛ ባንክ የሠራ ጨዋ ሰው ስለሆነ ነው። ይሄኛው የራሴ እጅ ነው። ስድስተኛ ክፍል ነኝ፤ ሠላሳ ዓመት የበየደ እጅ ብዕር አልለመደም፤ ለፊደሌ መጣመም ይቅርታ።

ይቅርታዬ ግን እዚህ ላይ ያበቃል። «ሜትርና ገመድ፣ ሌላ ምንም» ትያለሽ። ቁርአን ይዘሽ ፍርድ ቤት ያልሽውም ይሄንኑ ነው። በቤቴ በር ላይ የነበረውን ቁጥር 4 ታዲያ ማን ጻፈው? በቀይ ቀለም፣ ክንድ የሚያህል። ፖሊስ ሲደርስ ተፍቆ የተለቀለቀ ቀይ ነገር ነው ያገኘው፤ ዐቃቤ ሕጉ ደም ነው ብሎ አለፈው። ማን እንደፋቀው አትጠይቂኝ። በሌላው ቤት ላይ የነበሩትን ቁጥሮች ጎረቤቶቼ እዚያው በዚያው አጥበው አጠፉ፤ ድንጋይ የወረወረ እጅ ምስክር አይሆንም። የቀረሁት እኔ ነኝ፣ ከነቱቦላሬዬ።

የቀይ ቁጥርን ነገር ላስረዳሽ። የመጀመሪያው ቤታችን ከልደታ ጀርባ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ወደ ሥራ ስወጣ ግድግዳው ላይ ቀይ ቁጥር አገኘሁ። ማን ጻፈው? አይታወቅም። ያንኳኳ የለም። ከወር በኋላ ማሽን መጣ። እናቴ አልጋ ላይ የዋለች ነበረች፤ ከነአልጋዋ ተሸክመን አወጣናት። ግድግዳው ሲወድቅ ተቀምጣ አየችው። በሳምንቱ ላስቲክ ወጥረን በተጠለልንበት ሞተች። ከዚያ ወዲህ እባብ ያየ በልጥ በረየ ነው የእኔ ነገር፤ ቀይ ቀለም የተቀባ በር እንኳ ለብየዳ አልቀበልም ነበር።

እዚህ ሁመድ የሚባል እስረኛ አለ፣ የባልሽ አገር ሰው። ባለፈው ወር ውሃ ስንቀዳ በተሳለ የማንኪያ እጀታ ጎኔን ወጋኝ። «ይሄ የረሻድ ነው» እያለ። ሰባት ስፌት ነው። አንቺ ላክሽው ወይ? እውነቱን ንገሪኝ፣ አልጣላሽም።

የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። ይግባኝ ብያለሁ፣ ግንቦት 12 ይሰማል። «ቀለም ነበር» ብለሽ ቃልሽን አስተካክዪ። በመደናገጥ ነው የመታው ከተባለ ሃያው ዓመት ወደ አሥር ሊወርድ ይችላል ብሎኛል ጠበቃው። ሃምሳ ስምንት ዓመቴ ነው ልጄ። የሒሳብ መምህር ነሽ፤ አንቺው አስዪው።

ገብረጊዮርጊስ

&nbsp;

ጥር 22 ቀን 2017 ዓ.ም.
ልደታ

አቶ ገብረጊዮርጊስ፣

ልጄ አይበሉኝ። የእርስዎ ልጅ ብሆን ኖሮ ባሌ ዛሬ ቤቱ ነበር።

ሁመድን አላውቀውም፣ አልላክሁትም። ግን የጻፉትን ሳነብ ያናደደኝ የማንኪያው ማጠር ነው። እውነቱን ንገሪኝ ብለዋል፤ እውነቱ ይሄ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ፤ እርስዎ አሁን ሁለቱንም ሆነዋል። እንኳን ደስ አለዎት።

ሆስፒታል የወሰዱኝ ሬሳውን እንድለይ ነበር። የሚለይ ፊት አልነበረውም። በግራ በኩል ጆሮው የት እንደጀመረ አይታወቅም። የለየሁት በሰዓቱ ነው፤ መስታወቱ ተሰንጥቆ ይሠራ ነበር። ሰዎቹ አጥበው በከፈን እስኪጠቀልሉት ድረስ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብዬ ስለ እርስዎ እጅ ሳስብ ነበር። በምን እንደምቆርጠው። በመጋዝ ይሁን በመጥረቢያ ስመርጥ ነበር። የሐዘን ዒዳዬን አራት ወር ከአሥር ቀን ቤት ተዘግቼ ስጨርስ ሴቶቹ «ሶብር፣ ታገሺ» ይሉኛል፤ እኔ ገና መጋዙን እመርጣለሁ።

ከሥራ ታግደሻል የተባለው እውነት ነው ወይ ብለው በገና ሰሞን ለላኩት፣ እውነት ነው። ወይዘሮ ፀዳለ ከዘበኛው ሰምተው ይሆናል። ሰሚር የሚባል ተማሪ ሰሌዳ ላይ ክብ ሣለ። ምንም አላጠፋም፤ ሣል ያልኩትን ነው የሣለው። ትልቁን የእንጨት ኮምፓስ አንስቼ እጁን መታሁት። ሁለት ጣቱ ተሰበረ። ስመታው ደስ አለኝ። አንድ ቅጽበት ነው፣ ግን ደስ አለኝ፤ ከኅዳር 14 ወዲህ ደስ ያለኝ ያኔ ብቻ ነው። ከዚያ ልጁ «መምህርት ምን አጠፋሁ?» አለኝ።

ይሄን ለእርስዎ ለምን እንደምጽፍ አላውቅም። ለሌላ ሰው መጻፍ ስለማልችል ይሆናል።

ስለ ቀለም የማውቀው ነገር የለም።

ሀያት

&nbsp;

የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከማረሚያ ቤት

ለመምህርት ሀያት፣

እንዴት ከርመሻል? ለመዘግየቴ ይቅርታ። ሁመድን በተራዬ አገኘሁት። ሁለት የፊት ጥርሱን አወለቅኩለትና አሥር ቀን ጨለማ ቤት ገባሁ፤ እዚያ ወረቀት አይገባም። አሁን ወጥቻለሁ። እሱ «ስ» ማለት አቅቶት እስረኛው ይስቅበታል። እኔ አልሳቅሁም። ያንቺን ደብዳቤ አስታውሼ ደስ ይለኝ እንደሆነ ራሴን አየሁት፤ አዎ፣ አንድ ቅጽበት ነው። ያልሽው ልክ ነው።

በአንዲት መስመር የላክሽው ጥያቄ ደርሶኛል። «የመጨረሻ ቃሉ ምን ነበር?» አልሽ። አልመልስም። አልሰማሁም አላልኩሽም፤ ሰምቻለሁ። አልመልስም ነው ያልኩሽ። ይሄን ካልነገሩኝ ፍርድ ቤት አልሄድም ብትዪም አልመልስም።

ሌላ ወሬ አለ። ፀዳለ ትናንት መጥታ ነበር። ምግቡን ሰጥታኝ ቆመች። ምን ሆነሽ ስላት፣ «ተጻፈ» አለችኝ። ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ግቢው በሙሉ፣ ዙሪያውን፣ እያንዳንዱ በር ላይ ቀይ ቁጥር። የእኛ 112 ነው። ማን እንደጻፈው ያየ የለም፣ ያንኳኳ የለም። እስከ ሰኔ ልቀቁ ተብለዋል። ሰፈሩ ምን አለ ስላት፣ ምንም አላለም አለች። ሁሉም ዕቃውን ማሰር ጀምሯል።

እዚያው አጥሩ ሥር ሳቅ ያዘኝ። ጠባቂው ያበደ መሰለው። ባልሽን በሐሰተኛ ቁጥር ገደልነው፤ እውነተኛው ሲመጣ አንድ ጠጠር የወረወረ የለም። አሁን ማንን ልምታ? እስቲ ንገሪኝ፣ መምህርት፣ ማንን?

ግንቦት 12 እየደረሰ ነው።

ገብረጊዮርጊስ

&nbsp;

መጋቢት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.
ልደታ

አቶ ገብረጊዮርጊስ፣

ዛሬ በፈረንጆቹ ማርች 14 ነው፤ ረሻድ የሚቀልድበት የእነሱ ፓይ። ጁምዓም ነው፣ ረመዳንም ነው። ጾሜን ይዤ ውሸት ተሸክሜ መዋል ስላቃተኝ ነው የምጽፈው። ይሄ ለእርስዎ ብዬ አይደለም።

ቀለም ነበር። እኔ ነኝ የቀባሁት።

ዙሪያውን ስንለካ በየአሥር ሜትሩ ምልክት ያስፈልገን ነበር። ጠመኔው ቆርቆሮ ላይ አልይዝ አለ። ከትምህርት ቤቱ ስፖርት ክፍል ያመጣሁት፣ የሩጫ መስመር የሚሰመርበት ትንሽ ጣሳ ቀለም ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ቀይ። ሌላ ቢኖር ሌላ አመጣ ነበር፤ ያለው ቀይ ብቻ ነው። ረሻድ ሲያየው ፊቱ ተለወጠ። «ሀያት፣ በዚህ ሰፈር ቀይ ቀለም አይነካም። ሰው ይደነግጣል» አለኝ። «አንተ ደግሞ ሁሉን ነገር ታከብደዋለህ፣ ሲያልቅ እናጥበዋለን» ብዬ ሳቅሁበት። እያየኝ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ጻፍኩ። አርባኛው ሜትር የእርስዎ በር ላይ ወደቀ። ትልቅ 4 ጻፍኩና ወደ አምስት አለፍኩ። እሱ ግቢው መሃል ላይ ስለተከመረው ብረት ሊጠይቅ እርስዎ በር ላይ ቀረ። ዙሪያውን ጨርሼ ማስታወሻዬ ላይ 89 ሜትር ከ20 ብዬ ስጽፍ ጩኸት ሰማሁ።

ጣሳውን ፖሊስ ሳይመጣ የሽንት ቤት ጉድጓድ ውስጥ ጣልኩት። ተማሪዎቹን «ቀለም የሚባል ነገር አታንሱ» ብዬ አስጠናኋቸው። ሪሀና በተሰበረ መንጋጋዋ ራሷን እየነቀነቀች እሺ አለችኝ። የእርስዎን በር ቁጥር ማን እንደፋቀው ግን እስከ ዛሬ አላውቅም። እኔ አይደለሁም።

ለምን ዋሸሁ? እማማ ነፊሳ፣ የረሻድ እናት፣ ከደሴ መጥተው ገና መኪናው በር ላይ «ልጄን ምን አድርጎ ነው የገደሉት?» አሉኝ። «ምንም ሳያደርግ» አልኳቸው። ይሄ እውነት ነው፤ እሱ ምንም አላደረገም። አንዴ እንዲያ ካልኩ በኋላ ለዳኛው መድገም ቀላል ነበር። መንገዱ ተደልድሏል።

ትናንት ደውዬ ለእማማ ነፊሳ ነገርኳቸው። እሳቸውም «ቀዩን በእጅሽ ይዘሽ ነው እኔን ያቀፍሽኝ?» አሉኝና ስልኩን ዘጉ። የረሻድ ወንድም መልሶ ደውሎ የሚያደርገኝን ነግሮኛል። በምን እንደሚያደርገኝ ጭምር። እንደ እኔ መጋዝ አላማረጠም፤ ቶሎ ነው የወሰነው።

ግንቦት 12 እመጣለሁ። በሐሰት መመስከር እስራት እንዳለው አውቃለሁ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ የእኔ ሳይጠራ ሰው ጨርሷል።

ሀያት

&nbsp;

ሚያዝያ 10 ቀን 2017 ዓ.ም.
ከማረሚያ ቤት

ለመምህርት ሀያት፣

ዛሬ ስቅለት ነው። ከጠዋት ጀምሮ ስንሰግድ ውለናል፤ ጉልበቴ አልታዘዝ ብሎኛል። ካህኑ በወይራ ቅጠል ጀርባዬን ቸብ ቸብ ሲያደርጉኝ «ጠንከር ያድርጉት አባ» አልኳቸው። እስረኛው ሳቀ። ኃጢአቴን ስናዘዝ ሁሉን ተናግሬ አንዱን ዘለልኩ። ለእሳቸው የዘለልኩትን ላንቺ የምጽፈው አንቺ ስለቀደምሽኝ ነው።

ግንቦት 12 አትምጪ። ቀለሙ አያድነኝም። አሁን የጠየቅሽኝን እመልሳለሁ።

ባልሽ በሬን አንኳኳ። ስከፍት 4ቱን አየሁና ጮህኩበት። ደነገጠ። ወዲያው ይቅርታ ጠየቀኝ። ካርታውን ዘርግቶ በረቱን አሳየኝ፣ በእርሳስ የከበበውን። «አባት፣ መምህራን ነን እንጂ አፍራሾች አይደለንም፤ በዓል ነው የምናከብረው» አለኝ። ገባኝ፣ ሀያት። ስድስተኛ ክፍል ነኝ እንጂ ደንቆሮ አይደለሁም። ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ገመድ ይዘው ቆመው እያየሁ ነው። «አሁኑኑ አጠፋልዎታለሁ» አለና መሐረቡን አወጣ። ቤንዚን ለመነኝ። ከጄሪካኑ አንቆርቁሬ ሰጠሁት። ጎንበስ ብሎ ቁጥሩን መፋቅ ጀመረ። የፋቀው እሱ ነው።

እየፋቀ፣ ቀና ሳይል፣ «ብረቱ መሃል ላይ ስላለ ሜትሩን ማሳለፍ አልቻልንም። ከዚህ ግድግዳ እስከዚያ ግድግዳ ስንት ሜትር እንደሚሆን ያውቁ ይሆን?» አለኝ። የመጨረሻ ቃሉ ይሄ ነው።

አውቀው ነበር። ሃያ ስምንት ሜትር ከአርባ። የእድራችንን ድንኳን ብረት የለካሁትም የቆረጥኩትም እኔ ነኝ፤ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሦስት ጊዜ ነው የለካሁት፣ ብረት ከተቆረጠ አይመለስም። ያ ሁሉ ክምርም የድንኳኑ ብረት ነበር። «ሃያ ስምንት ከአርባ» ብዬው ቢሆን አመስግኖኝ ይሄድ ነበር። አፌ ላይ ነበረች። በምትኳ ቱቦላሬውን አነሳሁ።

ለምን እንደሆነ ጨለማ ቤት አሥር ቀን አሰብኩት። የልደታ ቤቴ ላይ ቁጥር የጻፈው ሰው አላንኳኳም። ማሽኑን የነዳው አላንኳኳም። እናቴን ስቀብር ይቅርታ ያለኝ የለም። በዚህ ሁሉ ዓመት በሬን አንኳኩቶ ይቅርታ የጠየቀኝ ባልሽ ብቻ ነው። ስለዚህ እጄ የደረሰው እሱ ላይ ነው። ማጅራቱን እያየሁ መታሁት። ሲወድቅ «አፍራሾች ናቸው!» ብዬ ሰፈሩን የጠራሁትም እኔ ነኝ። እያወቅሁ። ብቻዬን እንዳልሆን።

አንቺ ቀለም ቀባሽ፣ እሱ አጠፋው። በቀለምሽ የሞተ ሰው የለም።

ይሄን ወረቀት የፈለግሽውን አድርጊበት።

ገብረጊዮርጊስ

&nbsp;

ግንቦት 15 ቀን 2017 ዓ.ም.
ልደታ

አቶ ገብረጊዮርጊስ፣

ችሎቱ ሲበተን በጠባቂው እጅ የላኩት ብጣሽ ወረቀት ደርሶኛል። «ለምን ደብዳቤዬን አልሰጠሻቸውም?» ይላል።

ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ከቤቴ እስከ ፍርድ ቤቱ በእግር ሩብ ሰዓት ነው፤ ሩብ ሰዓት ሙሉ በብብቴ አጥብቄ ይዤው ሄድኩ። አስቀድሜ ያሰብኩት እንዲህ ነበር። የራሴን ውሸት አነሳለሁ፤ ከዚያ የእርስዎን ወረቀት ዳኞቹ ፊት አነብባለሁ። ሃያው ዓመት ዕድሜ ልክ እስኪሆን ድረስ አነብበዋለሁ። ለሁለት ሳምንት በቃሌ አጥንቼዋለሁ።

ቀለም ነበር ብዬ ስጨርስ ጠበቃዎ ሲስቅ አየሁት። ዳኛዋ «ሌላ የምትጨምሪው አለ?» አሉኝ። እጄ ቦርሳው ውስጥ ነበር። እርስዎን አየሁዎት። ጎንበስ ብለው ተቀምጠው ማጅራትዎ ይታየኝ ነበር። ሰው ጎንበስ ሲል ማጅራቱ እንዲያ የሚቀልል አልመሰለኝም ነበር። ወረቀቱ ከቱቦላሬ አያንስም፤ አነሳሁት፣ ከብዶኛል፣ ግን አነሳሁት። መልሼ አስቀመጥኩት። ለእርስዎ አዝኜ አይደለም። ያቺን አንድ ቅጽበት ስለማውቃት ነው፤ ከእሷ በኋላ ያለውንም።

«የለኝም» አልኩ። ቁጭ አልኩ። ያኔ ነው እርስዎ ማንም ሳይጠይቅዎት እጅዎን ያወጡት።

የተናገሩትን አልደግመውም። እማማ ነፊሳ ከኋላዬ ነበሩ። ልጃቸው ቁጥሩን ሲያጠፋ እንደሞተ ከእርስዎ አፍ ሰሙ። ሲወጡ እጄን ያዙኝ። አላቀፉኝም፣ አልሰደቡኝም፤ እስከ ታክሲው ድረስ ይዘውኝ ሄዱ። የረሻድ ወንድም ከፊት ከፊታችን ይሄድ ነበር፣ ዞር አላለም።

ሃያው ዓመት እንደጸና ሰምተዋል። የእኔ ክስ ለሐምሌ ተቀጥሯል።

የሰጡኝን ቁጥር አላካፈልኩትም። እርሳስ ይዤ ተቀምጬ እጄ እምቢ አለኝ።

ሀያት

&nbsp;

ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.
ልደታ

ለአቶ ገብረጊዮርጊስ፣

ለጤናዎ እንደምን ነዎት? እኔ ደህና ነኝ። ሰላምታ ስጽፍልዎ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው። ረሻድ ሰላም ሳይል ምንም ጀምሮ አያውቅም፤ ቀኑ የእሱ ስለሆነ ነው።

ስድስት ወር ሙሉ ምነው ዝም አልሽ ላሉኝ፣ የሚጻፍ ነገር አጥቼ ነው። ስድስት ወር ተፈርዶብኝ በገደብ ተለቅቄአለሁ። ትምህርት ቤቱ አሰናብቶኛል። ሰሚርን ቤቱ እየሄድኩ ሒሳብ አስጠናዋለሁ፤ እናቱ አንድ ጊዜም ተቀመጪ ብላኝ አታውቅም፣ ግን በሩን ትከፍትልኛለች። ጣቶቹ ተጋጥመዋል፤ አንዱ ትንሽ ጎብጧል።

ወይዘሮ ፀዳለ ከተማው ዳር በደረሳቸው ኮንዶሚኒየም ገብተዋል፤ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ለጉልበታቸው አልተመቸም። ይሄን ለእርስዎ እንዳልነግር ለምነውኝ ነበር። የድንኳኑን ብረት እድሩ በሙሉ ተሸክሞ ወስዶታል፣ አልተሸጠም።

ዛሬ እሑድ ስለሆነ ጠዋት ወደ ግቢያችሁ ሄድኩ። ግቢ የለም። ዙሪያው በላሜራ ታጥሯል፣ ውስጡ እስከ ሁለት ሰው ቁመት ተቆፍሯል። በላሜራው ቀዳዳ ሳይ ክቡ አይታወቅም፤ ጉድጓዱ አራት ማዕዘን ነው። ስልኬ ላይ ያለው አዲሱ ካርታም ባዶ ነው። ከእንግዲህ ማንም ሰው ሜትር ይዞ ቢመጣ የሚለካው ነገር የለም። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስንት እንደነበረ ያለው እርስዎ ጋ ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ፍርድ ቤቱ የረሻድን ካርታ መልሶልኛል። በኤግዚቢት ፖስታ ውስጥ ነበር። አንድ ጥጉ ጠቁሮ ደርቋል፣ እርሳሱ ግን አልጠፋም። ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼው የእርስዎን ደብዳቤ አጠገቡ አስቀመጥኩ። ከዚያ 89 ሜትር ከ20ን ለ28 ሜትር ከ40 አካፈልኩት።

ሦስት ነጥብ አንድ አራት።

ከዚያ በኋላ ያለው ስህተት ከሺህ አንድ አይሞላም። ሦስት ዓመት ከለካናቸው ክቦች ሁሉ ለእውነቱ የቀረበው የእናንተ ግቢ ነው። ሜክሲኮ እንኳ እንዲህ አልመጣልንም። ረሻድ ቢሰማው ልጆቹን አስጨብጭቦ፣ እርስዎንም ካርታው ላይ በስምዎ ያስፈርምዎት ነበር። እንዲህ ነበር የሚያደርገው፤ ሜክሲኮ ላይ ትራፊክ ፖሊሱን አስፈርሟል። እኔ ግን ቁጥሩን አይቼ ጮህኩ፤ ጎረቤት በሬን እስኪያንኳኳ ድረስ ጮህኩ።

ይቅርታዬን ከዚህ ደብዳቤ ውስጥ አይፈልጉ፤ የለም። አንድ ቀን ይኖር እንደሆነም አላውቅም። ልኬትዎ ግን ትክክል ነበር። ቢነግሩት ኖሮ ትክክል ነበር።

ሀያት